ለሊምፎማ የሚታዘዙ የደም ምርመራዎች፦ የትኛው ምን ይናገራል? የቱንስ መምረጥ ይሻላል?

ሊምፎማ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ብዙ ደም ይቀዳል። አንዳንዱ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒቱን ይችሉ እንደሆነ ለማየት ነው። ሌላው የተደበቀ ኢንፌክሽን ለመፈለግ ነው። ጥቂቱ ግን ከባዱን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። በሽታው ምን ያህል ኃይለኛ ነው? ሕክምናውስ ያሸንፈዋል ወይ?

የእነዚህ ጠቋሚዎች ዝርዝር ከዓመት ዓመት እየረዘመ ነው። ታማሚውም ቤተሰቡም ኢንተርኔት ላይ አዲስ ስም ባነበቡ ቁጥር «ይሄ ለኛ ለምን አልታዘዘም?» ብለው ይጨነቃሉ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድራቸው በአንድ መመዘኛ ነው። ውጤቱ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ሐኪሙ የሚያደርገው ነገር ይለወጣል? ከተለወጠ ምርመራው ቦታ አለው። ካልተለወጠ ስሙ የቱንም ያህል ቢገንን ትርፉ ጭንቀት ነው።

ሁለት ነገር አስቀድመን እንያዝ። አንደኛ፣ እዚህ ከምጠቅሳቸው ምርመራዎች አንዳቸውም ሊምፎማ አለ ወይም የለም ብለው አይፈርዱም። ያንን የሚለየው ከንፍፊቱ ወይም ከዕብጠቱ የሚወሰደው ባዮፕሲ ነው። ሁለተኛ፣ ሊምፎማ አንድ በሽታ አይደለም። ሆጅኪን አለ። ፎሊኩላር የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ አለ። ትልልቅ ቢ-ሴሎች የሚያጠቁበት ፈጣን ዓይነት አለ። በርኪት፣ ማንትል፣ የቲ-ሴል ዓይነቶችም አሉ። ለአንዱ የሚሠራ ጠቋሚ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። «ለሊምፎማ ጥሩው የደም ምርመራ የቱ ነው?» ላለ ሰው የመጀመሪያው መልስ «ለየትኛው ሊምፎማ?» ነው።

ኤልዲኤች፦ አሮጌ ግን ታታሪ

ኤልዲኤች በሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ውስጥ ማለት ይቻላል የሚገኝ ኢንዛይም ነው። ሴል ሲጎዳ ወይም ሲሞት ወደ ደም ይፈሳል። ሊምፎማው ከበዛና ቶሎ ቶሎ ከተራባ የሚሞቱት ሴሎችም ይበዛሉ፤ ኤልዲኤችም ይወጣል። ቁጥሩ በተዘዋዋሪ የበሽታውን ብዛትና ፍጥነት ይናገራል ማለት ነው።

በ1993 የወጣው ዓለም አቀፍ የትንበያ መለኪያ፣ በአጭሩ አይፒአይ፣ ለፈጣኖቹ ሊምፎማዎች አምስት ነገሮችን ይቆጥራል። ዕድሜ ከ60 በላይ መሆን፣ የበሽታው ደረጃ 3 ወይም 4 መሆን፣ የታማሚው የዕለት ተዕለት አቅም መዳከም፣ በሽታው ከሊምፍ ዕጢ ውጪ ከአንድ በላይ ቦታ መያዙ፣ እና ኤልዲኤች ከመደበኛው በላይ መሆኑ ናቸው። ከአምስቱ ከደም የሚገኘው ኤልዲኤች ብቻ ነው።

በዚያ ጥናት ዝቅተኛ ስጋት ውስጥ ከተመደቡት 73 በመቶው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከፍተኛ ስጋት ውስጥ ከተመደቡት ግን 26 በመቶው ብቻ። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ከመምጣቱ በፊት የተሰላ ነው። መድኃኒቱ ከገባ በኋላ፣ በ2007፣ ያው አምስት ነጥብ እንደገና ተሰላ። 3 ወይም ከዚያ በላይ ነጥብ ከነበራቸው 55 በመቶው ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። አንድም ነጥብ ካልነበራቸው ደግሞ 94 በመቶው። ኢንተርኔት ላይ የምታገኙት መቶኛ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ሳታዩ አትመኑት።

በ2014 የወጣው የተሻሻለ መለኪያ፣ ኤንሲሲኤን-አይፒአይ፣ ኤልዲኤችን «ከፍ ብሏል፣ አላለም» ብሎ በጅምላ አያልፈውም። ከመደበኛው ጣሪያ በላይ ሆኖ እስከ 3 እጥፍ ድረስ ከሆነ 1 ነጥብ፣ ከ3 እጥፍ በላይ ከሆነ 2 ነጥብ ይሰጠዋል። ይሄ ተገቢ ነው። ጣሪያውን በጥቂት ያለፈና አራት እጥፍ የወጣ አንድ ሚዛን ላይ ሊቀመጡ አይገባም። ሌላም ጥቅም አለው። የላብራቶሪዎች ጣሪያ ይለያያል። በአንዱ ቦታ ከፍ ያለ የተባለ ቁጥር በሌላው መደበኛ ሊሆን ይችላል። ሁለት ወረቀት ስታወዳድሩ ቁጥሩን ከቁጥር ጋር አታጋጩ። እያንዳንዱን ለራሱ ላብራቶሪ ጣሪያ አካፍሉና እጥፉን እዩ።

ኤልዲኤች በመመዘኛችን እንዴት ነው? ያልፋል። በ2019 የታተመው ፍላየር የተባለው ጥናት ትልቅ ቢ-ሴል ሊምፎማ ያለባቸውን፣ ከ18 እስከ 60 ዓመት የሆኑ ታማሚዎች ያካተተ ነበር። በሽታቸው ገና ደረጃ 1 ወይም 2 ላይ ነው፣ ግዙፍ ዕብጠት የላቸውም፣ አቅማቸው ደህና ነው፣ ኤልዲኤቻቸውም መደበኛ ነው። ለእነዚህ ሰዎች አር-ቾፕ የሚባለው ኬሞ በ6 ዙር ፋንታ 4 ዙር ቢሰጥና ሁለት ሪቱክሲማብ ለብቻው ቢጨመር ውጤቱ እንደማይቀንስ ታየ። ሁለት ዙር ኬሞ መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። ያንን ከሚወስኑት አንዱ ይሄው አሮጌ ቁጥር ነው።

በሌሎች ዓይነቶችም ስሙ አይጠፋም። በ2008 የወጣው የማንትል ሴል መለኪያ ዕድሜን፣ አቅምን፣ ኤልዲኤችንና የነጭ የደም ሴል ብዛትን ይደምራል። የበርኪት መለኪያ ኤልዲኤች ከጣሪያው 3 እጥፍ ማለፉን ይቆጥራል። በሽታው ወደ አንጎል የመሄድ ዕድሉን የሚገምተው መለኪያም አምስቱን የአይፒአይ ነጥቦች ይዞ ኩላሊት ወይም ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ መያዙን ይጨምራል። እዚያም ኤልዲኤች አለ።

ድክመቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ከየት እንደመጣ አይናገርም። የጉበት ሕመም፣ የልብ ጡንቻ ጉዳት፣ የቀይ የደም ሴል መሰባበር፣ ከባድ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ የቢ-12 እጥረት ያመጣው ደም ማነስ፣ ሁሉም ያወጡታል። ነጭ የደም ሴል ለማብዛት ከኬሞ በኋላ የሚወጋው መርፌም ከፍ ያደርገዋል። ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ሴሎቹ ከተሰባበሩ ቁጥሩ በውሸት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ሄሞላይዝድ» የሚል ማስታወሻ ካያችሁ ቁጥሩን እርሱትና ደሙ እንደገና ይቀዳ።

ለፎሊኩላር፦ ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን ወይስ ኤልዲኤች?

ቤታ-2 ማይክሮግሎቡሊን በአብዛኞቹ የሰውነት ሴሎች ገጽ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ከሴሉ ይላቀቅና በኩላሊት ይወገዳል። ብዙ ሊምፎማ ያለበት ሰው ደሙ ውስጥ ይበዛበታል።

ቀስ ብለው በሚሄዱት ሊምፎማዎች ኤልዲኤች ብዙ ጊዜ መደበኛ ነው። በሽታው ብዙ ቦታ ይዞ እንኳ ቁጥሩ ላይንቀሳቀስ ይችላል። ቤታ-2 የሚሻለው እዚህ ነው። በ2004 የወጣው የፎሊኩላር መለኪያ፣ ፍሊፒ፣ ኤልዲኤችንና ከ12 በታች የሆነ ሄሞግሎቢንን ይቆጥር ነበር። በ2009 ሁለተኛው ፍሊፒ ኤልዲኤችን አስወጥቶ ቤታ-2ን አስገባ። በ2018 የወጣው ፕሪማ የሚባለው መለኪያ ደግሞ ከዚህም ቀለል ያለ ነው። ቤታ-2 በሊትር ከ3 ሚሊግራም በላይ ከሆነ ስጋቱ ከፍተኛ ነው። ከዚያ በታች ሆኖ መቅኒው ከተያዘ መካከለኛ፤ ካልተያዘ ዝቅተኛ። በቃ፣ ይሄው ነው።

የቤታ-2 ጠላት ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ሊምፎማው ትንሽ ሆኖ እንኳ ቁጥሩ ይወጣበታል። ስለዚህ ቤታ-2ን የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬያቲኒን ሳያዩ ማንበብ አይቻልም። ኩላሊቱ ችግር ላለበት ታማሚ እኔ ብሆን ኤልዲኤችንና ሄሞግሎቢንን አስቀድማለሁ።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ፎሊኩላር ላይ የመነሻው ነጥብ ብቻውን ሕክምና ሲያስጀምር ብዙም አይታይም። ምልክት የሌለው፣ ዕብጠቱ ትንሽ የሆነ ታማሚ ቤታ-2ው ከፍ ቢልም በክትትል ብቻ ሊቆይ ይችላል። ከየትኛውም የደም ቁጥር በላይ ክብደት ያለው ነገር ሌላ ነው፦ ሕክምና ከተጀመረ በ24 ወር ውስጥ በሽታው መመለሱ ወይም አለመመለሱ። በ2015 የታተመ ትልቅ ጥናት በአር-ቾፕ ከታከሙት ውስጥ ቶሎ የተመለሰባቸው ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የመኖር ዕድላቸው 50 በመቶ፣ ያልተመለሰባቸው 90 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ይሄንን አስቀድሞ በደንብ የሚነግር የደም ጠቋሚ ገና የለም።

ኤልዲኤች በፎሊኩላር ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። ለዓመታት ተረጋግቶ የነበረ ቁጥር ድንገት ሲወጣ፣ በተለይ አንዱ ዕብጠት ቶሎ እያደገ ከሆነ፣ በሽታው ወደ ፈጣኑ ዓይነት ተቀይሮ ይሆናል። ያኔ ፔት ስካን (ንቁ የሆነውን በሽታ አብርቶ የሚያሳይ ምስል) ይነሳል፤ በጣም ከበራው ቦታም አዲስ ባዮፕሲ ይወሰዳል። ቤታ-2 ለመነሻ ግምት፣ ኤልዲኤች ለንቃት ብላችሁ ያዙት።

ለሆጅኪን፦ ኢኤስአርን አትናቁት

ኢኤስአር ቀይ የደም ሴሎች በቱቦ ውስጥ በአንድ ሰዓት ምን ያህል እንደሚሰጥሙ የሚለካ ምርመራ ነው። ያረጀ ነው። ብዙ ወጣት ሐኪሞች «ምንም አይለይም» ብለው ያልፉታል። እውነት ነው፣ ኢንፌክሽንም ደም ማነስም ዕድሜም ያወጡታል።

በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባለ ሆጅኪን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጀርመን የሆጅኪን ጥናት ቡድን ታማሚዎችን ሲመድብ ኢኤስአርን ይቆጥራል። ትኩሳት፣ ሌሊት የሚያጠምቅ ላብና የክብደት መቀነስ ለሌለበት ሰው ወሰኑ 50 ነው። እነዚህ ምልክቶች ላሉበት 30 ነው። ከወሰኑ በታች ከሆነና ሌሎቹም መስፈርቶች ከተሟሉ «ቀላል የመጀመሪያ ደረጃ» ይባላል። ለዚህ ምድብ 2 ዙር ኤቢቪዲ የሚባል ኬሞ እና 20 ግሬይ ጨረር ከ4 ዙርና 30 ግሬይ እንደማያንስ በ2010 ታትሟል። ከጥቂት ደም የሚሠራ ምርመራ የኬሞውን ግማሽ ለማስቀረት ድምፅ አለው። እኔ ከዚህ የተሻለ የትርፍና የወጪ ሚዛን ያለው ምርመራ በዚህ ዝርዝር ውስጥ አላገኘሁም።

በሽታው ለገፋበት ሆጅኪን መለኪያው የ1998ቱ አይፒኤስ ነው። ሰባት ነጥብ አለው። ሦስቱ ወንድ መሆን፣ 45 ዓመትና ከዚያ በላይ መሆን፣ ደረጃ 4 ላይ መገኘት ናቸው። አራቱ ከደም ናቸው። አልቡሚን በዴሲሊትር ከ4 ግራም በታች፣ ሄሞግሎቢን ከ10.5 በታች፣ ነጭ የደም ሴል 15,000 ወይም በላይ፣ ሊምፎሳይት ከ600 በታች ወይም ከነጭ ሴሎቹ ከ8 በመቶ በታች። በጥናቱ እያንዳንዱ ነጥብ በሽታው ሳይመለስ አምስት ዓመት የመቆየትን ዕድል በ8 በመቶ ገደማ ይቀንስ ነበር። ዛሬ ሕክምናው ስለተሻሻለ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠቧል። የሕክምናው ቀጣይ አቅጣጫ የሚወሰነውም ብዙ ጊዜ ከሁለት ዙር በኋላ በሚነሳው ፔት ስካን ነው። ቢሆንም አልቡሚንና ሄሞግሎቢን በማንኛውም ላብራቶሪ የሚሠሩ ናቸው። ለተጨማሪ ምርመራ ሳትሯሯጡ ይሄን ነጥብ ማወቅ ትችላላችሁ።

ከአዲሶቹ ታርክ የሚባለው ፕሮቲን ቀልቤን ይስበዋል። የሆጅኪን ሴሎች ራሳቸው ያመርቱታል። ኤልዲኤችና ኢኤስአር የሰውነቱን መታወክ ሲያሳዩ ታርክ የዕጢውን ድምፅ ያሰማል። በአብዛኞቹ የሆጅኪን ታማሚዎች ከሕክምና በፊት በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ከሠራ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ቁልቁል ይወርዳል። ሁለት እንቅፋት አለበት። ከሕክምና በፊት ካልተለካ በኋላ የሚለካው ማወዳደሪያ የለውም። ከባድ የቆዳ አለርጂ ያለበት ሰው ላይም ይወጣል። ምርመራው በየቦታው አይገኝም፣ ሕክምናም በሱ ብቻ አይቀየርም። ከተገኘ ጥሩ፤ ካልተገኘ እንቅልፍ አትጡበት።

ከደም ቆጠራ ወረቀት የሚሰሉ ሬሾዎች

ኢንተርኔት ላይ በብዛት የምታገኙት ይሄንን ነው። ኒውትሮፊልን ለሊምፎሳይት ማካፈል፣ ሊምፎሳይትን ለሞኖሳይት ማካፈል፣ ፕሌትሌትን ለሊምፎሳይት ማካፈል። ማራኪ ናቸው። ሲቢሲ (ሙሉ የደም ቆጠራ) የሌለው ታማሚ የለም፤ ስሌቱን በስልክ መሥራት ይቻላል። ሐሳቡም ባዶ አይደለም። ሊምፎሳይት ማነሱ የበሽታ መከላከያው መዳከሙን፣ ሞኖሳይት መብዛቱ ደግሞ ዕጢውን የሚደግፉ ሴሎች መበርከታቸውን ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ጥናት ግንኙነት አግኝቷል።

ታዲያ ለምን አልመክራቸውም? ወሰን የላቸውም። አንዱ ጥናት ከዚህ በላይ አደገኛ ነው ይላል፤ ሌላው ሌላ ቁጥር ያመጣል። ብዙ ጊዜ ወሰኑ የሚመረጠው ውጤቱ ከታወቀ በኋላ፣ ቡድኖቹን በደንብ የሚለያየው ቁጥር ተፈልጎ ነው። ጉንፋን ሬሾውን ይገለብጠዋል። አንድ ቀን የተወሰደ ስቴሮይድ ኒውትሮፊልን ከፍ፣ ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሬሾ የተቀየረ መደበኛ ሕክምና የለም። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አስልታችሁ ከሆነ ቁጥሩን ተዉት። የምሬን ነው።

ኢቢቪ ዲኤንኤ፦ ለጥቂቶች ብቻ፣ ለእነሱ ግን ወሳኝ

ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ (ኢቢቪ) በአዋቂዎች ላይ ከ90 በመቶ በላይ ይገኛል። ስለዚህ የፀረ-እንግዳ አካል ምርመራው ፖዘቲቭ መሆኑ ምንም አይነግርም። «ኢቢቪ ተገኘብኝ» ብሎ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ጊዜ የያዘው ይሄንን ወረቀት ነው። ለትንበያ የሚያገለግለው በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ ዲኤንኤ መጠን ነው። ሁለቱ ምርመራዎች በስም ይቀራረባሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው።

ዲኤንኤው ከሙሉ ደም ወይም ከፕላዝማ ሊለካ ይችላል። በሙሉ ደም ውስጥ ቫይረሱን ተሸክመው በሰላም የሚኖሩ ቢ-ሴሎች አሉ፤ እነሱም ይቆጠራሉ። ፕላዝማ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ከሚሞቱ የዕጢ ሴሎች የፈሰሰ ነው። ኤንኬ/ቲ-ሴል ለሚባለው፣ ብዙ ጊዜ አፍንጫ አካባቢ ለሚጀምረው ሊምፎማ፣ ፕላዝማው የተሻለ ነው። ፒንክ-ኢ የሚባለው የ2016 መለኪያ ይሄንን ዲኤንኤ ከአራት የሕክምና መረጃዎች ጋር ይደምራል። ሕክምናው አልቆ ዲኤንኤው ካልጠፋ የተረፈ በሽታ ሊኖር ይችላል፤ ክትትሉ ይጠናከራል። የሰውነት ክፍል ተቀይሮላቸው ሊምፎማ ለሚይዛቸው ሰዎችም ይህ ምርመራ በተደጋጋሚ ይሠራል። ዕጢያቸው ቫይረሱን ላልያዘ ግን ትርጉም የለውም። ባዮፕሲው ላይ ኢቢቪ ተመርምሮ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ሲቲዲኤንኤ፦ ወደፊት የሚያመራው

የዕጢ ሴል ሲሞት የተቆራረጠ ዲኤንኤ ደም ውስጥ ይጥላል፤ ሲቲዲኤንኤ የሚባለው ይሄ ነው። ዲኤንኤው የዕጢውን የራሱን ለውጦች ይዟል። ስለዚህ እንደ ኤልዲኤች «ከየት መጣ?» አያሰኝም። ደም ውስጥ የሚቆየውም ለአጭር ጊዜ ነው፤ ዛሬ የተለካው ዛሬ ያለውን ያሳያል።

በ2018 የታተመ ጥናት ትልቅ ቢ-ሴል ሊምፎማ ያለባቸውን ተከታትሎ ነበር። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሲቲዲኤንኤው በ100 እጥፍ የቀነሰላቸው፣ ካልቀነሰላቸው ይልቅ ውጤታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትንበያ ከአይፒአይና በመካከል ከሚነሳው ፔት ስካን ጋር ተጨማሪ መረጃ ሰጥቷል። ዙሩ እንዳለቀ፣ በደም ብቻ፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን መገመት ትልቅ ነገር ነው።

ገና ያልተፈታው ነገር ብዙ ነው። ናሙናው ልዩ ቱቦ ወይም በጥቂት ሰዓት ውስጥ የፕላዝማ መለየት ይፈልጋል። የአንዱ ላብራቶሪ ዘዴ ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። መነሻ ናሙና ከሌለ በኋላ የሚወሰደው ይደክማል። አንጎል ውስጥ ብቻ ያለ ሊምፎማ ደግሞ ደም ውስጥ ጥቂት ነው የሚጥለው፤ ለሱ የአከርካሪ ፈሳሽ ይሻላል። ትልቁ ጥያቄም አለ። ሲቲዲኤንኤው ባልቀነሰለት ሰው ላይ ሕክምናውን ቀድሞ መቀየር ዕድሜ ያረዝማል? መልሱ የሚመጣው ከሙከራ ጥናቶች ነው። በጥናት ውስጥ የመግባት ዕድል ካገኛችሁ ግቡበት። ከኪስ ከፍላችሁ ልታሠሩ ካሰባችሁ ግን ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ውጤቱ መጥፎ ቢሆን ምን ትለውጣለህ?» መልሱ «ምንም» ከሆነ ገንዘቡን ያዙት።

በአጭሩ የማልፋቸው

ሲአርፒና ፌሪቲን የብግነት ጠቋሚዎች ናቸው። ለመነሻ ትንበያ ደካማ ናቸው፤ ደም በተደጋጋሚ የተሰጠው ሰው ፌሪቲኑ ለብቻው ይወጣል። ካር-ቲ ሴል የሚባለው ሕክምና ለሚሰጠው ሰው ግን ዋጋቸው ይጨምራል። በ2021 የወጣ መለኪያ ከፕሌትሌት፣ ከኒውትሮፊልና ከሄሞግሎቢን ጋር አዋህዷቸው የደም ሴሎች ከሕክምናው በኋላ ለረጅም ጊዜ እንደሚቀንሱ ይገምታል። ፌሪቲን በብዙ ሺህ ሲወጣ፣ ትኩሳትና የደም ሴሎች መቀነስ አብረውት ካሉ፣ የበሽታ መከላከያው ከቁጥጥር ውጪ የወጣበት አጣዳፊ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ያ ለነገ የሚባል አይደለም።

የሚሟሟው የኢንተርሉኪን-2 ተቀባይ በጃፓን በሰፊው ይለካል። ሳርኮይዶሲስና ሌሎች ብግነቶችም ያወጡታል። መደበኛ ምርመራ ባልሆነበት ቦታ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

ደሙ መቼ ይቀዳ?

ከምርመራው ምርጫ በላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። እነዚህ መለኪያዎች በሙሉ የተሠሩት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት በተቀዳ ደም ነው። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሊምፎማ ሴሎችን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ለትንፋሽ ማጠር ወይም ለዕብጠት ተብሎ ስቴሮይድ የተጀመረለት ሰው የደም ቆጠራው ተቀይሯል፣ ኤልዲኤቹም ይቀያየራል። አስቸኳይ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ ደም ይቀዳ። ስቴሮይድ ወስዳችሁ ከሆነ ስሙንና የጀመራችሁበትን ቀን ንገሩ። ኢንፌክሽን ላይ ከሆናችሁም እንዲሁ። ኢኤስአርና ሲአርፒ በትኩሳት መካከል ከተለኩ ስለ ሊምፎማው የሚሉት ነገር የለም።

እንደየሁኔታው ቢመረጥ

ፈጣን ቢ-ሴል ሊምፎማ ከሆነ ኤልዲኤች፣ ሲቢሲና አልቡሚን ይበቃሉ። አይፒአይን ሐኪሙ ያሰላዋል፤ ነጥቡን ጠይቃችሁ ጻፉት። ፎሊኩላር ከሆነ ቤታ-2ን ከክሬያቲኒን ጋር አንድ ጊዜ፣ ከሕክምና በፊት። የመጀመሪያ ደረጃ ሆጅኪን ከሆነ ኢኤስአር ሳይሠራ ሕክምና እንዳይጀመር አስታውሱ፤ በኋላ የሚሠራው ለምደባ አያገለግልም። ለገፋ ሆጅኪን አልቡሚንና ሲቢሲ ከነዝርዝሩ። ኤንኬ/ቲ ከሆነ የፕላዝማ ኢቢቪ ዲኤንኤ ቢያስፈልግ ሌላ ከተማ ተልኮም ቢሆን ይሠራ። ኤችአይቪ ላለበት ታማሚ ሲዲ4 እና የቫይረስ መጠን ከነዚህ ሁሉ እኩል ይታያሉ፤ ኤችአይቪው በመድኃኒት ሲያዝ የሊምፎማው ሕክምናም ይሻሻላልና።

ነጥቡ መጥፎ ሆኖ ሲወጣ ምን ይደረግ? እነዚህ ቁጥሮች የቡድን ቁጥሮች ናቸው። ከፍተኛ ስጋት ከተባለው ቡድን ውስጥም ብዙ ሰው ይድናል። ነጥቡን ይዞ ሰማይ ተደፋብኝ ማለት አይገባም። የሚጠቅመው ጥያቄ «ይህ ነጥብ ለኔ ጠንከር ያለ ሕክምና፣ የአንጎል ምርመራ ወይም የሙከራ ጥናት ያስፈልጋል ያሰኛል ወይ?» የሚለው ነው።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ

በክትትል ጊዜ ኤልዲኤች በየቀጠሮው ይለካል። ብዙዎች ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት የሚያሳልፉት ይሄንን ቁጥር እየፈሩ ነው። ደህና ሆኖ የቆየ፣ ምልክት የሌለው ሰው ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ኤልዲኤች ግን ከመመለስ ይልቅ ሌላ ምክንያት የመሆኑ ዕድል ያመዝናል። በሌላ በኩል ሊምፎማ ኤልዲኤች መደበኛ ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ከመመለሱ ውስጥ ብዙው የሚታወቀው ታማሚው ራሱ ባየው ዕብጠት፣ ትኩሳት፣ ላብ ወይም ድካም ነው።

ቁጥሩ ከፍ ካለ መጀመሪያ ናሙናው ተሰባብሮ እንዳልነበር ይጣራ። ከዚያ ጉበቱና ሲቢሲው ይታዩ። ቀደም ባሉት ቀናት ከባድ ስፖርት ወይም ጉንፋን ነበር ወይ? ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በዚያው ላብራቶሪ፣ ደሙ ይደገም። ከወረደ ተዉት። እየጨመረ ከሄደ ወይም አዲስ ዕብጠት ከተዳሰሰ ምስል ይነሳ። ምስሉ ቢያጠራጥርም ሕክምና የሚጀመረው እንደገና ባዮፕሲ ተወስዶ ነው።